የተጣሉት ካርዶች

ሊቁ፦ እኔ ስመጣ ነው የሚበላሸው? እስቲ ድገማት!

አማቹ፦ ኧረ ጋሼ፣ ክፉ ነገር አልተናገርኩም። እርስዎ ሲመጡ ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ ሲሄዱ ይመጣል ነው ያልኩት።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን ቀረህ? በሽተኛ ሐኪም ሲያይ አይደል እንዴ ማቃሰት የሚጀምረው!

[ሊቁ የሚለውን ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሲስቁበት እንደሆነ አገር ያውቃል፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ይዞታል። ዛሬ የመጣው ታናሽ እህቱን ሊያድን ነው። እህቱ ሥራ ካጣች ዓመት አልፏታል፤ ዛሬ ረፋድ ላይ ከአንድ ድርጅት ጋር በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አላት። ባለፈውም እንዲሁ ሊረዳት መጥቶ፣ ገና “እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን” ሲሏት መስመሩ ድርግም አለ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ። አማቹ፣ ማለትም ባሏ፣ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሊቁ ሚዛን ከመርፌና ከክር ወዲያ የሚያውቀው ነገር የለም። በር ላይ የላፕቶፕ ቦርሳውን በአክብሮት ተቀበለው። ሊቁ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ላፕቶፑ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ጠበቀው። እህቱ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች።]

ሊቁ፦ [ብስኩት እየቆረጠመ] የይለፍ ቃሉ? ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነግረኝ። [ይጽፋል] ይኸው! እኔ የሰጠኋትን ቃል እንኳ አልቀየረችም። የኔንም የሷንም ላፕቶፕ በአንድ ቀን ገዝቼ፣ በአንድ ቀን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። መንታ ናቸው። የወለደች እናት አትለያቸውም።

አማቹ፦ እርስዎ የሠሩትን ማን ደፍሮ ይነካል፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ወይ ጉድ! እስክሪኑ ላይ ያለው የኔ ፎቶ ነው! [ዓይኑ እንባ አቀረረ] አየህ? ባሏ እያለህ የኔን ነው ያደረገችው። ልጅቷ ውለታ ታውቃለች።

አማቹ፦ እኔ ምን ከፋኝ? ይገባዎታል።

ሊቁ፦ በል አሁን ልብ በል። ኢንተርኔቱ ብቅ ይላል፣ ጥልቅ ይላል። እዚህ ጋ ምን ይላል? አንብብ።

አማቹ፦ “በዚህ አድራሻ ሌላ መሣሪያ እየሠራ ነው።” ውይ! ቤት ውስጥ ሌባ ገብቷል ማለት ነው?

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ሰው ላይ ጣለኝ በሉ! ስማ፣ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለ። አንዱ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ሌላው ይኸው ጎኑ ላይ የተሰካው ነው። ሁለቱ ተጣልተዋል።

አማቹ፦ በምን ተጣሉ?

ሊቁ፦ በአድራሻ። አንድ በር ላይ ቆመው “ቤቱ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው” ይባባላሉ።

አማቹ፦ አድራሻውን ማን ነው የሰጣቸው?

ሊቁ፦ እኔ ነኛ! ለኔም ላፕቶፕ ለሷም ላፕቶፕ አንድ ቁጥር ነው በእጄ ጽፌ የሰጠሁት። እህትና ወንድም በቁጥር ይለያያሉ እንዴ?

አማቹ፦ እኔስ ለሁለት ደንበኛ አንድ ቁጥር ከለጠፍኩ፣ ያንዱን ሱሪ ሌላው ለብሶት ይሄዳል።

ሊቁ፦ ይሄ ሱሪ አይደለም! ቴክኖሎጂ ነው!

[ከመኝታ ቤት የእህቱ ድምፅ ይሰማል፦ “ይቅርታ፣ ተቆረጠብኝ… አሁን ይሰማል? ሃሎ?”]

ሊቁ፦ ከማን ጋር ነው የምታወራው?

አማቹ፦ ብቻዋን እየተለማመደች ነው።

ሊቁ፦ “ተቆረጠብኝ” እያለች?

አማቹ፦ መቆረጡንም ጭምር ነው የምትለማመደው። ባለፈው ሳትዘጋጅ ነዋ የተቆረጠባት። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች እኮ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ዛሬ እኔ አለሁ፤ ለቅሶ የለም። [ጎኑ ላይ የተሰካውን ካርድ ይነቅላል። ኢንተርኔቱ ይመጣል። ሊቁ በድል አድራጊነት እጁን ያነሳል። እጁን ሳያወርድ ይጠፋል] እንግዲያው ጥፋተኛው የውስጠኛው ነው! ካቻቢቴ አምጣ!

አማቹ፦ ሊፈቱት ነው? ኧረ ይቅርብን፣ ጋሼ። የራስዎ ቢሆን እንዲህ ይደፍሩ ነበር?

ሊቁ፦ የራሴ ቢሆንማ እስካሁን ብትንትኑን አውጥቼው ነበር! ፈሪ! አምጣ ነው የምልህ!

[አማቹ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ለምን ኪሱ ውስጥ እንደነበረ ሊቁ አልጠየቀም፤ ሊቅ አይጠይቅም። ላፕቶፑን ገልብጦ ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር። ክዳኑ ሲከፈት የብስኩት ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ተራገፈ።]

ሊቁ፦ [ከአፉ ፍርፋሪ እየረገፈ] ይህ ምንድን ነው? ላፕቶፕ ነው ወይስ ዳቦ ቤት? እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ሰው እንኳን ኮምፒውተር፣ ማንኪያም አይሰጠው! አንተ ነህ አይደል?

አማቹ፦ እኔ ብስኩት አልወድም።

ሊቁ፦ እሷም ከሆነች እነግራታለሁ። ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ ደንቆሮ ነው። ሰማኸኝ?

አማቹ፦ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። እንዳልረሳውም እይዘዋለሁ።

ሊቁ፦ ይቻትና ጥፋተኛዋ! [ካርዱን ይጎትታል። እምቢ ይለዋል። እግሩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ይጎትታል። ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እስክሪኑ ይጠፋል] ወጣች!

አማቹ፦ ሽቦዋም አብራ ወጣች።

ሊቁ፦ ትርፍ ሽቦ ነው። ፋብሪካዎች ለውበት ያደርጉታል።

አማቹ፦ እነዚህ ብሎኖችስ?

ሊቁ፦ እነሱም ትርፍ ናቸው።

አማቹ፦ ይገርማል። እኔ ቁልፍ የሚተርፈኝ አንድ ቦታ ሳልተክል ስቀር ነው።

[ከመኝታ ቤት ድምፁ ይቀጥላል። አሁን አይንተባተብም፣ አይቆረጥም፦ “አዎ፣ ግዢ ክፍል ነበርኩ… አዎ፣ ቡድን መርቻለሁ… በጣም ደስ ይለኛል…”]

ሊቁ፦ ሰማህ? ልምምዷ እንዴት እንዳማረ! በል ጥራት፤ ካርዱን አጽድቼ ልመልሰውና ወደ ዋናው ትግባ።

አማቹ፦ ትንሽ ይታገሡ። ይጨርሱ።

ሊቁ፦ እነማን?

[በሩ ተበርግዶ እህቱ ትወጣለች። ዓይኗ በእንባ ርሷል፣ ፊቷ ግን ይስቃል። ደረቷ ላይ ላፕቶፕ ታቅፋለች።]

እህት፦ ተቀበሉኝ! ሰኞ ጀምሪ አሉኝ! መጀመሪያ ላይ አስጨነቀኝ፣ ከዚያ ግን ልክ አንድ ሰው ከላዬ ላይ የወረደ ያህል ጸጥ አለልኝ!

ሊቁ፦ [ካርዱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ] እኔ ነኛ! ይቺን ስነቅል ነው! አላልኩም? አላል… [እህቱ ያቀፈችውን ያያል። ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን ያያል] ቆይ። ያ የማን ነው?

እህት፦ የኔ ነዋ፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ይሄስ?

[ሊቁ ወደ ቦርሳው ሮጦ ከፈተው። ውስጡ በፎጣ በጥንቃቄ የተጠቀለለ መክተፊያ አገኘ።]

ሊቁ፦ መክተፊያ!

አማቹ፦ ክብደቱ እንዳይጎድልብዎ ብለን ነው።

ሊቁ፦ ላፕቶፔን! በገዛ እጄ! ሆን ብላችሁ!

አማቹ፦ እውነቱን ልንገርዎት። እኛ ያሰብነው የሷን እንዳይነኩባት ብቻ ነበር። ለካ ሲያባርራት የከረመው የርስዎ ላፕቶፕ ኖሯል፤ በሷ ቁጥር እየገባ። እሱን ሲገድሉት እሷ ነፍስ ዘራች። እንዲያውም እናመሰግናለን፣ ያለ እርስዎ አይሆንም ነበር።

ሊቁ፦ አንተ! ጠዋት ሙሉ ምንም እንደማታውቅ አፍህን ከፍተህ ስታየኝ!

አማቹ፦ እኔማ አሁንም ምንም አላውቅም። እሷ ናት “እስክጨርስ ድረስ ሞኝ ሁንለት” ያለችኝ።

ሊቁ፦ እና ተሳካልህ ማለት ነው!

አማቹ፦ [ፍርፋሪውን በመዳፉ እየጠረገ] ለብቻዬማ አልችለውም ነበር፣ ጋሼ። ትልቁን ሸክም የያዙልኝ እርስዎ ነዎት።