አቶ ልርዳህ በሞንቴሶሪ ክፍል

ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲሠራ ቆሞ ማየት የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በርዎን ሲከፍቱ ቁልፉን ሁለቴ ካዞሩት ከኋላ መጥቶ «እስቲ አምጡት» ይላል። መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ ካየ ትንሽ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ከዚያ አያስችለውም፣ ከእጅዎ ይወስደዋል። ክፋት የለበትም። እጁ ከባለቤቱ ቀድሞ ይነሳል እንጂ።

የሕፃናቱ መምህርት በስድስት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ አይታለች። የሁሉም አለቃ ግን ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሰኞ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ረጅም፣ ሸበቶ፣ ጡረታ የወጡ የአምቡላንስ ሾፌር ናቸው። ልጅቷን አስገብተው መሄድ ሲገባቸው ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መምህርቷ ብቅ ብትል አሥራ አንድ ልጆች ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደመጣ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ተሰልፈዋል። ሰውየው ተንበርክከው የሁሉንም ጃኬት በየተራ ያወልቃሉ። አሥራ አንዱም ጃኬት ማውለቅ የተማሩት አምና ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመምህራኑ ዘንድ ስማቸው «ክቡር አቶ ልርዳህ» ሆነ።

የሞንቴሶሪ ክፍል ሕግ ለመናገር ቀላል ነው። መደርደሪያው በልጅ ቁመት ነው። ልጁ የሚሠራውን ራሱ ይመርጣል፣ ምንጣፉን ያነጥፋል፣ ሠርቶ ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመልሳል። የመምህርቷ ዋና ሥራ አንዴ ማሳየት፣ ከዚያ እጇን መሰብሰብ ነው። ይህን ማንም ይረዳዋል፤ መፈጸሙ ላይ ነው ችግሩ።

አቶ ልርዳህ ልጅቷ እንዳታለቅስ ተብሎ ለአንድ ሳምንት ጥግ ላይ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ሳምንቱ ወር ሆነ። አንዷ ሕፃን ጠረጴዛ በስፖንጅ ስታጥብ «ቆዪ፣ አንዴ ብቻ» ብለው ተነሱና በሦስት ምት አደረቁት። ሕፃኗ ጠረጴዛውን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ውሃ ደፋችበትና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሌላው ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደረደሩ አሥር ሮዝ ኩቦችን ሲቆልል ትልቁን መሃል ላይ አስገባው። «ቆይ፣ አንዴ ብቻ።» ቁልሉ ተስተካከለ። ልጁ በእግሩ አፈራረሰውና ግድግዳ ስር ሄዶ አኮረፈ።

ይህ ሁሉ ያስቅ ነበር፤ የማያስቀው የልጅ ልጃቸው ነገር ነው። ልጅቷ ክፍሉ መሃል እጇን አንጠልጥላ ትቆማለች። ወር ሙሉ አንድ ዕቃ ከመደርደሪያ አላነሳችም። እናቷ ፋርማሲስት ናት፤ ከሥራ ላይ ደውላ ቁርጡን ተናገረች። «በአንድ ወር ውስጥ ለውጥ ካላየሁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እወስዳታለሁ። እዚያ ቢያንስ ፊደል ያስቆጥሯታል።»

ርዕሰ መምህሩም መምህርቷን ጠርተው «በይ፣ ሰውየውን አሰናብቻቸው» አሏት።

በእረፍት ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጠች። ወንበሩ የሕፃን ነው፤ የሁለቱም ጉልበት አገጫቸው ድረስ መጥቷል።

«አባባ፣ እዚህ ቤት ስንረዳቸው እየጎዳናቸው ነው።»

አልተቆጡም። እጃቸውን አዩ። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት አምቡላንስ ነድቻለሁ። የረዳሁት ሰው ድኗል። የሞተብኝ ያልደረስኩለት ነው። አሁን ቁጭ ብለህ እይ ስትይኝ እጄ አይሰማሽም።»

መምህርቷ ማሰናበቱን ተወችው። ተነስታ ከመሳቢያዋ አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ አመጣች። «እንግዲያው ሥራ ልስጥዎት። ልጅቷ የምታደርገውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዝግቡልኝ። አምቡላንስ ላይ እንደሚመዘግቡት።»

በማግስቱ ደብተሩ እንዲህ ይላል።

3፡10 ቆማለች።
3፡20 ቆማለች።
3፡25 አጠገቧ ያለው ልጅ አፍንጫው መጠረግ አለበት። አልጠረግሁም።
3፡26 አሁንም አልጠረግሁም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጅቷ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ትንሽ ጆግና ሁለት ብርጭቆ ያለበትን ትሪ አነሳች። መምህርቷ ከሌላ ልጅ ጋር ነበረችና አንገቷን ሳታዞር በዓይኗ ጫፍ ብቻ ተከተለቻት። ውሃው ብርጭቆውን አልፎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያም ካልሲዋ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ቀና ብላ አያቷን አየች። ወንበራቸው ሲንቋቋ መምህርቷ «በቃ፣ ተነሱ» ብላ አሰበች። አልተነሱም። አጎንብሰው እየጻፉ ነበር።

ልጅቷ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ስፖንጅ ፈልጋ ጠረጴዛውን ጠረገችና እንደገና ቀዳች። ደግሞ ፈሰሰ፤ ደግማ ጠረገች። በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ብርጭቆው አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ሞላ። ልጅቷ ማንንም አላየችም። ውሃውን ወደ ጆጉ መልሳ ሌላ ዙር ጀመረች።

እናትየው በቀጠሮዋ ቀን ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። አቶ ልርዳህ ደብተሩን ሰጧት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበችና አንዱ መስመር ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ደገመችው። «3፡41 ውሃ ፈሰሰ። አየችኝ። እኔ አላየኋትም።»

«አባዬ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ማን ሊጽፍልኝ ኖሯል?»

«እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ ቦርሳዬን የተሸከምክልኝ ሰውዬ?»

«ያኔ እስክሪብቶ የሰጠኝ አልነበረማ።»

እናትየው ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗን ግን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። ልጅቷም እዚያው ቀረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ «አባባ፣ አንተ ሂድ። እኔ እገባለሁ» አለች። ጃኬቷን ራሷ ሰቅላ ገባች። አቶ ልርዳህ ደብተሩን ለመምህርቷ አስረክበው፣ ባርኔጣቸውን ነክተው ሄዱ።

ክፍሉ ሰላም ሆነ። የሚነጠቅ ስፖንጅ የለም፣ የሚስተካከል ቁልል የለም። በአራተኛው ቀን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መምህርቷ ደብተሩን ከፈተች። የመጨረሻው ገጽ ስለ ልጅቷ አይደለም። «4፡05 ቲቸር የትንሹን ልጅ ጫማ ልታስር እጇን ዘረጋች። መልሳ ሰበሰበችው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። በርቺ።»

ስልኳን አነሳች።

«አባባ፣ ሁለት አዲስ መንታ ሴት ልጆች ገብተውብኛል። ሁለቱንም ባንዴ መከታተል አልቻልኩም። የሚመዘግብልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

እውነቱን ለመናገር፣ መንታዎቹ አንዳች አላስቸገሯትም።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ሦስት ሰዓት።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። እሷም እንደሚቸኩሉ ስለምታውቅ በሩን ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከፍታ ነበር።