ጉዲቱ ገርባ ፓምፑን ዘመን ያስቆጠሩበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ ወይዘሮ ፎዚያ በአዳማ ፍራንኮ ሰፈር በተከራዮቻቸው ላይ በነገሡበትና የቆጣሪውን ቁልፍ በአንገታቸው ባንጠለጠሉበት ዘመን፣ ፀሐየ አዳማ፣ መዋዒተ ስሕተት፣ ከእንቅልፍ በቀር ድል የነሣቸው የሌለ ተከራያቸው ወይዘሪት ጉዲቱ ገርባ ለታላቅ ዘመቻ ተነሡ። እኛም ያየነውን እንጽፋለን፤ ምንም አንጨምርም፤ ብንጨምርም ለክብራቸው ነው።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። አባታቸው አቶ ገርባ፣ በሶደሬ መንገድ በአዋሽ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙት፣ ይቅርብዎ እየተባሉ የናፍጣ ሞተራቸውን ሸጠው፣ ቀኑን ጠብቆ በራሱ የሚያጠጣ ባለ ፀሐይ ፓምፕ አስተከሉ። ፓምፑም ተካዮቹ ፈትነው በሄዱ ማግስት ዝም አለ። ሽንኩርቱ ይጠወልግ ጀመር፤ ጎረቤትም ይስቅ ጀመር፤ አቶ ገርባንም ከሽንኩርቱ ይልቅ ሳቁ አንገበገባቸው።

ወይዘሪት ጉዲቱም የፓምፑን አንጎል ለመመርመር ሁለት የጦር መሣሪያ ፈለጉ፤ አንደኛው ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ወደ መኪና ቋንቋ የሚመልሰው ኮምፓይለር፣ ሁለተኛው ስሕተት ያደፈጠበትን ጎሬ የሚያስሰው ዲባገር ነው። ለፓምፑ የሚስማማ ያለቀለት ስላልተገኘም፣ ባለሙያዎች ለዓለም በነፃ ከለቀቁት ምንጭ ኮድ ራሳቸው ሊገነቡ ቆረጡ። የተከተሏቸውም ሠራዊት እነሆ፦ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንገቱ በፕላስተር የታሰረ ቬንትሌተር፣ አባታቸው አቶ ገርባ የላፕቶፑ ዘበኛ ሆነው፣ ወይዘሮ ፎዚያም በጋሻ ጃግሬነት ነበሩ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሐዲስ ካውያውን በሰካ ቁጥር የግቢው ቆጣሪ ይዘል ነበርና፣ ወይዘሮ ፎዚያ በደጃፋቸው ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የጉዲቱ ሥራ እስኪያልቅ ካውያ የሚሰካ ቢኖር፣ ወላሂ ቆጣሪውን ቆልፌ ደራ እህቴ ጋ ነው የምሄደው! ሐዲስ፣ ለአንተ ነው!»

ሐዲስ ዐዋጁን አከበረ። መብራት ግን ዐዋጅ አይሰማምና ሄደ። ሲመለስ ወይዘሪት ጉዲቱ ቆጣሪውን ሊያዩ ወጥተው ነበር፤ አሮጌው ላፕቶፕም በጠፋ ቁጥር ዘመኑን ይረሳልና፣ ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት መሆኑን እንዲያጸኑለት ዘበኛውን ጠየቀ። አቶ ገርባም ተቆጥተው ዐወጁ፦

«ውሸታም ዕቃ ከልጄ ጋር አይውልም! ዘመኑ ዐሥራ ስምንት ነው። አስተካክዬዋለሁ።»

ከዚህም በኋላ ግንባታው እንደ ወፍጮ ቤት በቅሎ ይዞር ጀመር። ምንጩ የተጻፈው በፈረንጅ ዘመን ነውና፣ ላፕቶፑ የሠራውን ሁሉ ከምንጩ በስምንት ዓመት ያረጀ መስሎት፣ እየደጋገመ ከሀ ይጀምር ነበር። ወይዘሪት ጉዲቱ ቬንትሌተሩን ረገሙ፤ ኢንተርኔቱን ረገሙ፤ ሐዲስንም ያለ ጥፋቱ ጠረጠሩ። በመጨረሻ ዓይናቸው ከማያ ገጹ ጥግ ካለው ዓመት ላይ ዐረፈ፤ ከዚያም ወደ አባታቸው ዞረ። ዓመቱን መለሱ፤ ግንባታውም ተፈጸመ።

ወደ አዋሽ ወርደው ዲባገሩን በፓምፑ ላይ ባዘመቱት ጊዜ፣ ስሕተት የሚባል አልተገኘም። ፓምፑ ጤነኛ ነበር፤ ተካዮቹ የሰጡትን የመጀመሪያ የማጠጫ ቀን፣ ገና ስምንት ዓመት የቀረው መስሎት፣ በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። የማን ጣት ዘመኑን እንዳቀናለት ወይዘሪት ጉዲቱ ዐወቁ። አቶ ገርባም ዐወቁ፤ ባርኔጣቸውንም ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉ። ጎረቤቶች ሊስቁ ተሰብስበው ቆመዋል።

ዓመቱን መቀየር የአንድ ጣት ሥራ ነበር። ወይዘሪት ጉዲቱ ግን አባታቸውን ወደዱ፤ ስለዚህም በአንድ ዛፍ ጥላ ተቀምጠው የፓምፑን ትእዛዝ እንደ አዲስ ጻፉ፤ በድካም ባገኙት ኮምፓይለርም አስተረጎሙት፤ ከዚያም ተነሥተው ዐወጁ፦

«ጥፋቱ የአባቴ አይደለም፤ ዘመን መቁጠር ያላወቀው ፓምፑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በእኛ ይቆጥራል፤ ጳጉሜንም አስተምሬዋለሁ!»

ያን ጊዜ ውኃው እያጓራ መጣ፤ ጎረቤቶችም ከሳቃቸው ወደየቦያቸው ተመለሱ። አቶ ገርባ የፓምፑን ሰሌዳ በእጅጌያቸው ጠርገው ዓመቱን አነበቡ፤ ዓይናቸውንም በዚያው እጅጌ ጠረጉ።

ክብር ለወይዘሪት ጉዲቱ ይሁን፤ መኪናን ዕውነቱን፣ አባትን ዘመኑን ሳይነሡ ሽንኩርት ላጠጡት! ይህ ሁሉ የተደረገበትን ዓመት የሚጠራጠር ቢኖር፣ ወደ ሶደሬ መንገድ ወርዶ ፓምፑን ይጠይቅ።