የአክስቴ ድምፅና የሽማግሌዎች ቁርስ

እግዚአብሔር ለሰው ሁለት ጆሮ የሰጠው ብዙ እንዲሰማ ነው ይላሉ። እኔ እንደታዘብኩት ግን አንዱ ጆሮ ለሚወዱት፣ ሌላው ለሚጠሉት ሰው የተሰጠ ነው። ያው አንድ ቃል በአንደኛው ሲገባ ማር፣ በሌላኛው ሲገባ ኮሶ ይሆናል። እናንተ እንዲህ አይደላችሁም፤ አውቃለሁ። የማወራው ስለ ጎረቤቶቻችሁ ነው።

እኔ መናገር አይሆንልኝም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ የክፍሌ ልጆች ግን እስካሁን ድምፄን የሚያውቁት ሳስነጥስ ብቻ ነው። "ዝም አይነቅዝም" ያለው ሰው ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም። ቤት ውስጥ ግን አፍ የሚያስከፍት ሥራ ተሰጥቶኛል። እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር በነጻ የሚታደለውን ጋዜጣ ለአባዬና ለጋሽ በቀለ እየተረጎምኩ አነባለሁ። ሁለቱም ስዊድንኛ አያጡም። ያጡት መነጽር ነው፤ እንደሚያስፈልጋቸው ማመን ሽንፈት መስሏቸዋል።

ጋሽ በቀለ የአባዬ የልብ ጓደኛ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል፤ የሚኖረውም እዚሁ አካላ የሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ ፎቅ ፊት ለፊት ነው። እማዬ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ስለሆነ፣ የተወለደውን ወንድሜን ክርስትና የሚያነሳው እሱ እንዲሆን ያን ዕለት መንገድ ላይ ተወሰነ። ቄሱም ተነገራቸው። የቀረው የሕፃኑ አርባ ቀን እስኪሞላ መጠበቅ ነበር።

ታዲያ በመካከሉ የአሜሪካ ምርጫ መጣ።

አሜሪካ ከአካላ ምን አላት ትሉ ይሆናል። አክስቴ አልማዝ አለቻት። የአባዬ እህት ናት፤ ዘንድሮ ዜግነት አግኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ነው። እሑድ እሑድ እየደወለች "ወንድም ጋሼ፣ ማንን ልምረጥ?" ትላለች። እንደ ላም አለኝ በሰማይ የራቀች አንዲት ድምፅ፣ እኛ ሳሎን ሶፋ ላይ ለሁለት ትጎተት ጀመር። አባዬ ዳግም የሚወዳደረውን ፕሬዚዳንት አይወድም። ባቡር ከዘገየ በፕሬዚዳንቱ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸም በፕሬዚዳንቱ ነው። ጋሽ በቀለ ደግሞ ይወደዋል፤ በስዊድን የጥቅምት ጨለማ ፀሐይ ከወጣች ምስጋናውን ወደ ዋሽንግተን ይልካል። አንዳቸውም ሰውየው ያወጣውን አንድ ሕግ አያውቁም።

የወንድሜ አርባ ቀን ሊሞላ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ጋዜጣው የሁለቱን ተወዳዳሪዎች ፎቶ ጎን ለጎን አወጣ፤ ከየፎቶው አጠገብ ደግሞ ንግግራቸውን። እኔም አነበብኩ። "ፕሬዚዳንቱ፣ ሽማግሌዎች ለመድኃኒት መግዣ ብለው ቁርሳቸውን መተው የለባቸውም አለ።"

"ሰማህ?" አለ አባዬ። "ሽማግሌን በቁርስ ይደልላል!"

"ቁርስህን የሚያስብልህ መሪ ከየት ታገኛለህ?" አለ ጋሽ በቀለ።

"አንተማ ድንጋይ ቢሰጥህም ዳቦ ነው ብለህ ትገምጣለህ።"

"ምን አልክ? እናቴ እኮ ለመድኃኒት ብላ ጦሟን ውላለች። በእሷ ነው የምትስቀው?" ጋሽ በቀለ ተነሣ። ኮቱን በአንድ እጁ ብቻ ለበሰ። "እንዲህ ከሆነ እኔ ከዚህ ቤት ክርስትና አላነሳም!"

የኮቱ አንድ እጅጌ እየተጎተተ ወጣ። ሳይዘጋ በቀረው ስልክ ውስጥ አክስቴ "ሃሎ? ሃሎ? ታዲያ ማንን ልምረጥ?" ትላለች። እማዬ ሕፃኑን ታቅፋ አባዬን አየችው። "ልጄን ማን ሊያነሳልኝ ነው? ፕሬዚዳንቱ?"

ሦስት ቀን ቤታችን የንግግር ጾም ያዘ። እማዬ ለአባዬ ምሳ እያቀረበች ቃል አትተነፍስም፤ አባዬ ከጋሽ በቀለ ሌላ የክርስትና አባት እንደማያገኝ ያውቃል፤ ግን አይደውልለትም። በአራተኛው ቀን ያንኑ ጋዜጣ ድንች ልልጥበት ስዘረጋው ዐይኔ ፎቶዎቹ ላይ አረፈ። የየሰውየው ንግግር የተጻፈው ከፎቶው በስተቀኝ ነበር፤ እኔ በስተግራ ያለውን ነው ያነበብኩት። የቁርሱን ነገር የተናገረው ተፎካካሪው ነው። አባዬ የሰደበው የገዛ ሰውዬውን ነበር፤ ጋሽ በቀለም ክርስትና የተወው ለጠላቱ ንግግር ሲል ነው።

ጋዜጣውን አጥፌ ጋሽ በቀለ በሚነዳው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። "ሾፌሩን አታናግሩ" የሚለውን ጽሑፍ የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም። ኪስታ የሚባለው ፌርማታ ድረስ በክብር አከበርኩት። እዚያ ግን ሞተሩን አጥፍቶ በመስታወት አየኝና "ሂሩትዬ፣ አባትሽ ልኮሽ ነው?" አለኝ።

"አይ ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው። የቁርሱን ያለው ያኛው ነው።" ጋዜጣውን አሳየሁት።

ጋዜጣውን ክንዱ እስኪያልቅ ድረስ አርቆ ያዘው። "ያኛው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ወይ አታላይ! ሽማግሌን በቁርስ ይደልላል!"

ቃል በቃል፤ የአባዬ። እኔ ሳቄን ዋጥኩት። እሱ ግን ቆይቶ ነገሩ ገባው። "ቆይ፣ ቆይ። አባትሽ የራሱን ሰው ነው የሰደበው?" መሪውን እየደበደበ ሳቀ። አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ከፊት ወንበር ተነሥተው ኋላ ሄዱ።

ፈረቃው እንዳለቀ የቤታችንን ደወል ሲደውል የነበረው ደስታ ሎተሪ የወጣለት ሰው ደስታ ነው። ሊታረቅ አልመጣም፤ ሊያሸንፍ ነው የመጣው። አባዬ ግን ነገሩን ሰምቶ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም።

"እሱማ ከሆነ ትልቅ ንግግር ነው" አለ። "ቁርስህን የሚያስብልህ መሪ ከየት ታገኛለህ?"

"እሑድ ምን ነበር ያልከው?"

"እሑድማ ያልሆነ ነገር ተነብቦልን ነዋ! ልጅቷ ስዊድንኛው ገና አልገባትም።"

ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞር አለ። "እሱስ እውነትህን ነው። ገና ልጅ ናት።"

በዚህ ተስማሙ። በብዙ ሳምንት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር የእኔ ስዊድንኛ ድክመት ነበር። እማዬ ሕፃኑን ጋሽ በቀለ እጅ ላይ አኖረችው፤ "ይሄን ተሸክመህ ተከራከር" አለችው። ወንድሜም በአርባ ቀኑ በእሱ ክንድ ክርስትና ተነሣ። ውኃው ሲነካው ያለቀሰው ለቅሶ የማንንም ፓርቲ አይደግፍም ነበር።

ያን ቀን አክስቴ ለእንኳን ደስ ያላችሁ ደወለች። ስልኩን እኔ አነሣሁ።

"አክስቴ፣ ማንን እንደምትመርጪ ወሰንሽ?" አልኳት።

"እኔማ ድምፄን በፖስታ ከላክሁ ሦስት ሳምንቴ" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ታዲያ ለምን ትጠይቂያቸዋለሽ?"

"አባትሽ ድሮ ስደውል 'ደህና ነን፣ ካርድሽ እንዳያልቅ' ብሎ ይዘጋብኝ ነበር። ማንን ልምረጥ ካልኩት ወዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራኛል።" ከዚያ የመረጠችውን ሰው ስም በጆሮዬ ነገረችኝና አደራ አለችኝ። እኔ ላይ አደራ መጣል ቀላል ነው።

ስልኩን ስዘጋ አባዬ ወጥ ቤት ጠራኝ። "ማንን ልትመርጥ ነው?"

"ያንተን ሰው፣ አባዬ።"

ጋሽ በቀለ ደግሞ በር ላይ ጠበቀኝ። "እህስ?"

"የእርስዎን ሰው፣ ጋሼ።"

ሁለቱም ወዲያው አመኑኝ። ያን ቀን ትርጉሜን የተጠራጠረ አልነበረም። አሁን እናንተም እውነቱን ንገሪን ልትሉኝ ነው። እነግራችኋለሁ። ብቻ መጀመሪያ የማን ደጋፊ እንደሆናችሁ ንገሩኝ።