ዊልፍ ዛሬ «ፋይን» አላለም

እንግሊዝ አገር በየሰፈሩ ምንም ነገር የማይነካው አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ «ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሏል» የሚል ዓይነት። ዊትቢ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ዊልፍሬድ አክሮይድ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ። ለሚስታቸው ለሞሪን ግን ዊልፍ ብቻ ነው፤ እኛም እንደ እሷ እንጥራው።

እንዴት ዋልክ ቢሉት መልሱ «ፋይን» ነው፤ ደህና ነኝ እንደ ማለት። ቃሏ ጉደኛ ናት። ሰማይ ሲጠራ ፋይን ነው፤ ክር ሲቀጥን ፋይን ነው፤ መኪናህን ካለቦታው ስታቆም የሚጣልብህ ቅጣትም ፋይን ነው። ከዊልፍ አፍ ስትወጣ ደግሞ የሚፈታት ሞሪን ብቻ ናት። በአፍንጫው ካላት፣ ሾርባው ጨው አንሶታል። ቁርጥ አድርጎ ካላት፣ «እህትሽ ዛሬም ልትመጣ ነው?» ማለቱ ነው። ከጣራ ወድቆ እግሩ በማይታጠፍበት በኩል የታጠፈ ዕለት እንኳ አበባዋ መሀል ተዘርሮ፣ «ፋይን ነኝ፤ መሰላሉን ብቻ አንሺልኝ» ብሏታል።

«አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብትል ምን ይቀርብሃል?» ትለዋለች።

«ምንም አላመመኝማ።»

«የተሰበረው እግርህስ?»

«እሱ እግሬ ነው። እኔ ፋይን ነኝ።»

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ከገደሉ ሥር በአሸዋው ላይ ሲንሸራሸሩ፣ ዊልፍ ድንገት ቆመ። ሸሽቶ የነበረው ባሕር ወደ ዳርቻው መመለስ ጀምሯል፤ ውሃው ገደሉን ሳይነካ መንገዱን ማለፍ ነበረባቸው።

«ዊልፍ፣ ምን ሆንክ?»

ሞሪን ያቺን ቃል ጠበቀች። አልመጣችም።

«ትንሽ… ልቀመጥ መሰለኝ» አለ።

ይሄ ሰው በሕይወቱ «ልቀመጥ» ብሎ አያውቅም። ሞሪን ስልኳን አውጥታ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ደወለች፤ ያሉበትንም ተናገረች።

«ምን ይሰማቸዋል?» አለች ጥሪውን የተቀበለችው ልጅ።

«ልቀመጥ አለ!»

«እሺ፣ ሌላስ? ደረታቸውን ያማቸዋል?»

«እሱ መቼ ይናገራል! አንቺ ልጅ፣ አታውቂውም። ልቀመጥ አለ እኮ ነው የምልሽ!»

«የእኔም አባት እንደዚያው ናቸው» አለች ልጅቷ፣ ድምጿ ተለውጦ። «ጀልባ እልካለሁ። አጠገባቸው ይሁኑ።»

ውሃው ጫማቸው ደረሰ። ሞሪን ብብቱ ሥር ገብታ ጎተተችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ጉልበታቸው ሲደርስ ድንጋይ ላይ አስደግፋ አቀፈችው፤ ላብ ያጠመቀው ፊቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ዊልፍ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። በመጨረሻ ከገደሉ ጥግ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ከጀልባዋ የዘለለው ወጣት ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለው።

የዊልፍ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። «ፋይን» አለ።

«ውሸቱን ነው!» ሞሪን ጮኸች። «እንዳትሰማው! አንሳው!»

አነሱት። የታመመው ልቡ ነበር። ሆስፒታል ሐኪሙ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና የሞሪንን ፊት ሲያይ ተወው።

በማግስቱ ዊልፍ ዓይኑን ሲገልጥ ሞሪን አልጋው አጠገብ ነበረች። ምንም አልጠየቀችውም። መጠየቁ ሰልችቷት ነበር።

«ሞሪን» አለ፣ ጣሪያውን እያየ። «ፈርቼ ነበር።»

ይህን ለመስማት ዕድሜዋን ሙሉ ተጣልታዋለች። አሁን ሲመጣ ግን ወንበሩን ጨብጣ ቀረች።

«ምን ያህል?» አለች እንደምንም።

«በጣም። አንቺን ትቼሽ የምሄድ መስሎኝ። አሁንም እፈራለሁ።»

ሞሪን የባሕር ጨው የደረቀበትን ጫማዋን አወለቀች። ብርድ ልብሱን ገልጣ፣ ደረቱ ላይ የተለጠፉትን ሽቦዎች ወደ ጎን ሰብስባ፣ አጠገቡ ገባች። ነርሷ በሩን ስትከፍት ክው አለች።

«ወይዘሮ አክሮይድ! አልጋው ላይ መውጣት አይፈቀድም እኮ!»

«በሩን ዝጊልን፣ የኔ ልጅ» አለች ሞሪን፣ ዞር ሳትል። «እያወራን ነው።»

ዊልፍ ቦታ እንዲሰፋላት ወደ ዳር ጠጋ አለላት።