የራሞን መርዶ
እኛ ሐበሾች መርዶ ለመንገር አንቸኩልም። ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ባለጉዳዩ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ በዙሪያ ጥምጥም ይረዳል። አሜሪካኖች ግን በስልክ መልእክት ከሥራ ያሰናብቱሃል። እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ? እኔ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የእኛን ነበር የምለው።

የምሠራው በአንድ የፊልም ስቱዲዮ ፓርኪንግ ነው። የተዋናይን ስንብት ከተዋናዩ ቀድሞ የሚሰማው እንደኔ ያለ ሰው ነው። አርብ ጠዋት አለቃዬ «የራሞንን ስም ከመኪና ማቆሚያው ላይ ሰኞ ንቀለው» አለኝ።

ራሞን ሜክሲኮ ተወልዶ፣ እዚያው መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ ሲተውን የኖረ ወዳጄ ነው። ሆሊውድ ሲገባ ዕፅ አዘዋዋሪ አደረጉት፤ ፊልሙ ሳይጋመስ በጥይት ይደፋል። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ በስንት ደጅ ጥናት፣ በአንድ ተከታታይ ድራማ ሐኪም ሆነ። የማይሞት ሐኪም! በየሳምንቱ እናቱ ጋ እየደወለ «እማዬ፣ ዛሬም አልሞትኩም» ይላታል። ታዲያ ለዚህ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ምሳ ወደምንበላበት፣ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር ወዳለው የእትዬ አስናቀች ምግብ ቤት በዚያው ዕለት ማታ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ራሞንን ካንስል አደረጉት።»

«ውይ በሞትኩት! ሶ፣ እሱ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«በል ነገ ይምጣ። ሳይበላ ትንፍሽ እንዳትል!»

በማግስቱ ራሞን ሲገባ እትዬ ጥቁር ለብሰዋል። ጡረታ የወጡት ባለታክሲ ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው አቀርቅረዋል። እትዬ «ኢት፣ ኢት» እያሉ ጥብሱን ወደሱ ይገፋሉ። ትንሽ እንደበላ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ ከእኛ ጋር ለቅሶ ቤት ሲመላለስ ወጉን ለምዶታል።

«እናቴ ናት?» አለ።

«ኖ! ኖ! ድራማው ነው፤ ካንስል አደረጉህ!» ብዬ ጮኽኩ። ሽምግልናው ሁሉ ገደል ገባ።

ራሞን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ቀና ሲል እየሳቀ ነበር። «እኔ ብቻ ነኝ የሞትኩት?» ብሎ ጉርሻውን ዋጠና እናቱ ጋ ደወለ።

ሰኞ ስሙን ነቀልኩ። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ሰላም ሲለኝ ዓይን ዓይኔን አያየኝም። ትናንት ደግሞ እትዬ ደወሉ፤ «ልጄ፣ ነገ ምሳ እኔ ጋ ና። ጋሼ ታደሰም ይመጣሉ።»

ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። እህል እስካልቀመስኩ ድረስ ማንም ምንም ሊነግረኝ አይችልም።