ዝግ ብላችሁ ግቡ

(ፎቅ ላይ፣ ከሴቶች ጸጉር ቤት በላይ ያለ የጥርስ ክሊኒክ። በሩ ላይ «ዝግ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። በሩ ፊት ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። መንጋጋውን በሻሽ ጠፍሮ ያሰረው ዝግታ ነው፤ ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ስለሚያደርግ ነው ስሙ የወጣለት። ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው አድሮ ቤቱን ሁሉ እንቅልፍ ነስቷል። ሌላው የሚስቱ ወንድም ነው። የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል፤ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ግን እስካሁን ያረጋገጠ የለም። ምስኪኑ ዝግታ ጥርሱን ጠልቶታል፤ የሐኪም መንቀያ ጉጠትን ግን ከጥርሱ ይበልጥ ይፈራል።)

ዝግታ: ዝግ ይላል አልኩህ እኮ! ፊደል ነው፤ ከፊደል ጋር አይከራከሩም። እንሂድ!

ሊቁ: የትም አትሄድም! ስልኬ «አሁን ክፍት ነው» ይላል።

ዝግታ: በሩስ?

ሊቁ: በሩ ተሳስቷል።

ዝግታ: ታዲያ ስልክህ ይንቀልልኛ!

ሊቁ: አትቀልድ። እህቴ ምን እንዳለች ሰምተሃል። «ሳይነቀል እንዳትመጡ፣ ሁለታችሁንም ደጅ ነው የማሳድራችሁ» ብላለች።

ዝግታ: እሷ እንዲያ ብላለች። በሩ ደግሞ ዝግ ብሏል። እኔ የማንን ልስማ?

ሊቁ: (ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው) አየህ፣ አንተ ላይ ላዩን ነው የምታነበው። ዝግ ማለት ምን ማለት ነው?

ዝግታ: የተዘጋ።

ሊቁ: ተሳሳትክ! ዝግ ብለህ ሂድ፣ ዝግ ብለህ ተናገር አይባልም? በሽተኛ እየተንደረደረ ገብቶ ዕቃ እንዳይሰብርባቸው «ዝግ ብላችሁ ግቡ» ማለታቸው ነው። ካርቶኑ ጠቧቸው አሳጠሩት እንጂ።

ዝግታ: (አንድ እግሩን አንሥቶ አየር ላይ ያቆየዋል)

ሊቁ: ምን ሆነህ ነው?

ዝግታ: ዝግ እያልኩ ነው።

ሊቁ: እግርህን አውርድ!

ዝግታ: አታጣድፈኝ፤ እስከ ማታ አወርደዋለሁ።

ሊቁ: ኧረ በፈጠረህ! እህቴ ምን አይታብህ ነው ያገባችህ?

ዝግታ: ጥርሴን። ያኔ ያምር ነበር።

(ሊቁ አፍንጫው በሩን እስኪነካ ተጠግቶ፣ ከካርቶኑ ግርጌ በእስክሪብቶ የተጫረውን ያነባል።)

ሊቁ: ይኸው! «ከምሳ በኋላ እንከፍታለን»። ምሳ ሰዓት አልፏል፤ አበቃ!

ዝግታ: ከማን ምሳ በኋላ?

ሊቁ: ከሰው ምሳ በኋላ ነዋ!

ዝግታ: እኔ ሰው አይደለሁም? በዚህ ጥርስ የተነሣ ምሳ አልቀመስኩም። ለእኔ ገና ከምሳ በፊት ነው።

ሊቁ: እኔ በልቻለሁ!

ዝግታ: እንግዲያውስ ለአንተ ክፍት ነው፤ ግባ።

ሊቁ: እኔ ምን ልሁን ብዬ? ለእኔ ሲባል አንተ ብላና እንግባ!

ዝግታ: በምን ጥርሴ?

ሊቁ: እሱማ ሳይነቀል አትበላም።

ዝግታ: ሳልበላ ደግሞ አይከፍቱም። እኔም የምልህ ይኸንኑ ነው፤ እንሂድ!

(ዝግታ ልቡ ቅቤ እየጠጣ ወደ ደረጃው ያመራል። ለአንዴ እንኳ ፈጠን ብሎ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሊቁ ኮሌታውን ይዞ መለሰው።)

ሊቁ: ጥፋቱ ያንተ ነው። እንደ ግንድ ለተገተረ ሰው ማን ይከፍታል? አቃስት እንጂ!

ዝግታ: (ለስለስ አድርጎ) እህ።

ሊቁ: ይኼ ማቃሰት ነው? ቤት ስትሆን ጣሪያ ታነሣ የለም እንዴ!

ዝግታ: ቤት ሐኪም የለማ።

ሊቁ: ሻሹም ቢሆን አስተሳሰሩ አያሳዝንም። ሁሉን ነገር እኔ ላሳይህ?

ዝግታ: (ፈትቶ ይሰጠዋል) እስቲ አሳየኝ። አንተ ታውቅበታለህ።

(«ታውቅበታለህ» ሲሉት ሊቁ መቼ አስችሎት ያውቃል? ሻሹን አገጩ ሥር አዙሮ አናቱ ላይ ቋጠረው። ጉንጩን ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሩን በቡጢ ይደበድብ ጀመር።)

ሊቁ: እንዲህ ነው! ዋይ! ዋይ ጥርሴን! ያገር ያለህ፣ ክፈቱልኝ!

ዝግታ: ግሩም ነው። ትንሽ ጨምርበት፤ ጸጉር ቤት ያሉት አልሰሙህም።

ሊቁ: ሞትኩ! ንቀሉልኝ!

(በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ጓንት ያጠለቀች፣ ክንደ ብርቱ ሐኪም ብቅ አለች።)

ሐኪሟ: ውይ ይቅርታ፣ ከምሳ ከገባን ቆየን፤ ካርቶኑን መገልበጥ ረስተን ነው። (የሊቁን ክንድ አፈፍ አድርጋ) አይዞዎት ጋሼ፣ አሁን እንገላግልዎታለን።

ሊቁ: እኔ አይደለሁም! በሽተኛው እሱ ነው! እኔ እንዴት እንደሚታመም እያሳየሁት ነው!

ሐኪሟ: (ወደ ዝግታ) እውነቱን ነው?

(የዝግታ ጥርስ እሳት ሆኖበታል። «አዎ» ሊል ምንም አልቀረው። በሐኪሟ ትከሻ አሻግሮ ጉጠቱን ሲያይ ግን ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ፈገግ አለ።)

ዝግታ: መንገዱን ሙሉ «በሽተኛው አንተ ነህ» እያለኝ ነው የመጣው። እህቱ ደግሞ «ሳይነቀል እንዳትመጡ» ብላለች።

ሊቁ: አንተ ከሃዲ! ዶክተር፣ እኔ አውቃለሁ፣ ጥርሴ ደህና ነው!

ሐኪሟ: የሚፈራ ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው የሚለው። ይግቡ ጋሼ፣ ዝግ ብለው።

(እየጎተተች አስገባችው። ዝግታ ደጅ ቀርቶ በበሩ ክፍተት ያጮልቃል።)

ሐኪሟ: (ከውስጥ) አፍዎን ይክፈቱ!

ሊቁ: (ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ) እምምም!

ሐኪሟ: ኧረ እኚህ ሰው አልከፍትም አሉ!

ዝግታ: አይታገሉት ዶክተር! ስለ ጥርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት። ያ አፍ የሥራ ሰዓት የለውም፤ ተጠይቆ ዘግቶ አያውቅም።

ሐኪሟ: እስቲ ጋሼ፣ ጥርስ ማለት ምን ማለት ነው?

ሊቁ: እንዴ! ጥርስ ማለት እኮ፣ አአአአአ!