ፀሐይ የሚሞቁት የጋሽ ተክሌ ድንጋዮች

ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ አልጥልም የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የጎረቤላ ከተማ ጎረቤቴ ጋሽ ተክሌ በደርግ ዘመን እንደዚያ ነበሩ። ነፍስ ይዘራሉ ብለው በየጠዋቱ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ያሰጧቸው ነበር። የአንዱ ውስጡ ፈሶ የኮታቸውን ኪስ በላው፤ ጣታቸውንም ላጠው። ለሁሉም ነገር ስብሰባ የሚጠራው ቀበሌ ለዚህ አለመጥራቱ ይገርመኛል።

አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን አዳዲስ ድንጋዮች ገዝቼላቸው፣ «ጋሽዬ፣ አሮጌዎቹን ይጣሏቸው፤ መርዝ ናቸው» አልኳቸው።

«ልጄ ከግንባር በሬዲዮ ሰላምታ ሲልክ ሬዲዮዬ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው» አሉኝ። «‹አባዬ፣ ደህና ነኝ፤ ደግሞ› ሲል አለቁ። ቀሪው ውስጣቸው አለ። አዲሶቹ ምን ያውቃሉ?»

ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ድንጋዮቹን ሮጬ የማስገባው እኔ ነኝ።